ምራት የማትጠራው ከተማ

ሞተሩ ሁለተኛውን ቁልቁለት ሲጀምር ዘርአብሩክ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ የቃሲምን ጃኬት፣ ግራ እጁ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት ጨብጧል። ማለዳ የዘነበው የበልግ ዝናብ ቀዩን መንገድ አሙለጭልጮታል።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይግለጡ» አለ ቃሲም ፊቱን ሳያዞር። «የሚጨፍን ሰው ነው ቶሎ የሚያስመልሰው።»

«መጨፈኔን በምን አወቅህ?»

«ዝም አሉ።»

ገለጠ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ቃሲም ሞተሩን አቆመለት። ዘርአብሩክ ከጨርቅ የተሰፋውን ማስክ ወደ አገጩ አውርዶ ከመንገዱ ዳር አጎነበሰ። ሲጨርስ አፉን በረጠበ ቅጠል ጠረገ። ቃሲም ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ከሰው ሁለት እርምጃ ይርቅ ነበር፤ አንድ ሞተር ላይ ካልተፈናጠጠ በስተቀር።

«ሃያ አንድ ዓመት ስምሪት ላይ ተቀምጠው ጃጁራ ድረስ መሄድ ያቅትዎታል?»

«እናንተን ነው የምልከው እንጂ ራሴን ልኬ አላውቅም።»

ቃሲም ሳቀ። ዘርአብሩክ ግን ቀልዱን አልነበረም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሃያ አምስት ዓመቱ ጀምሮ በሆሳዕና መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ይሠራል። የትኛው መኪና በየትኛው ተራ፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚሄድ በመውጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም ይመታል። ጃጁራ፣ ፎንቆ፣ ጊምቢቹ፣ አንጋጫ፣ ዱራሜ፣ ዳምቦያ። የእነዚህን ከተሞች ስም ከገዛ ስሙ ይበልጥ ጽፏል። ርቀታቸውን ያውቃል፤ በክረምት የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥም ያውቃል። አንዳቸውንም ግን አይቶ አያውቅም። ለምን ብሎ ለሚጠይቀው ሰው፣ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ሲወስዱት መንገዱን ሙሉ እንዳስመለሰው ይናገራል። እውነቱ ሌላ ነው። ሰው የሚጓዘው ሰው ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሄድበት ሰው አልነበረውም። እናቱ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። አላገባም። ለመስቀል አገር ምድሩ ወደየቤቱ ሲጎርፍ እሱ ፊሽካ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ይቆማል፤ የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላ በሩን ቆልፎ ወደ ኪራይ ቤቱ ይገባል።

ዛሬ ግን ጃጁራ ውስጥ የሚጠብቁት ሰው ነበሩ። የሚጠብቁትም እሱ ስለበደላቸው ነው።

ነገሩ የተፈጸመው ሰኞ ዕለት ነው። የ2012 ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በሽታው አዲስ አበባ ከገባ ሳምንታት አልፈዋል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሰው ሳስቶበታል። ሰኞ ጠዋት፣ ከቀትር ጀምሮ ሰው የጫነ መኪና ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይሄድ ትእዛዝ መጣ። ወሬው ከትእዛዙ ቀድሞ ስለነበር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው መላወሻ አልነበረውም። ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ የተማሪ ሳጥን የሚጎትት ሰው ሁሉ የስምሪቱን መስኮት ይደበድባል። አምስት ሰዓት ሲሆን የዘርአብሩክ ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

በዚያ መሐል አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጋ ደረሱ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታስሯል። በእጃቸው የሐኪም ካርድና የዓይን ጠብታ የያዘ ፌስታል አለ።

«ወዴት ነዎት፣ እማማ?»

«ወደ ቤቴ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«ትንሽ ከተማ ናት። ገበያዋ ከመስጊዱ በታች ነው።»

«ስሟን ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከኋላቸው ሰልፉ ይገፋል።

«አገርሽ ስም የለውም እንዴ፣ አንቺ ሴት?» ብሎ ጮኸባቸው።

እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው በእጃቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቆሙ። እጃቸው በጠቆመበት በኩል የጃጁራው የቃሲም ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ዘርአብሩክ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ወጥቶ ክንዳቸውን ያዘና ራሱ ጋቢና አስቀመጣቸው። «ገበያው ጋ አውርዳቸው» አለው ለቃሲም። አሮጊቷ «ተባረክ ልጄ» አሉት። በዚያ ቀን የተሰማው ጥሩ ስሜት ያ ብቻ ነበር። ለአንድ ደካማ ሰው መልካም የሠራ መሰለው።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቃሲም ደወለለት። ዘርአብሩክ ቁልፍ ሊያስረክብ ባዶው መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ትናንት የሰጡኝ ሴትዮ የጃጁራ ሰው አይደሉም። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያወቁት፤ እኔም መመለስ አልቻልኩም፣ ሰዓቱ አልፎ ነበር። የዳምቦያ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ዳምቦያ አይሉም ነበር?»

ጥያቄው ከአፉ እንደወጣ መልሱን አወቀው። እናቱ የከምባታ ልጅ ነበረች። የድሮዎቹ የከምባታ ሴቶች ካገቡ በኋላ የአማታቸውን ስም አይጠሩም፤ እንደ ስሙ አድርጎ የሚጀምር ቃልም ከአፋቸው አይወጣም። የዘርአብሩክ አያት፣ የአባቱ አባት፣ ሎምባሞ ይባሉ ነበር። እናቱ ሎሚን እስክትሞት ድረስ «ያ ኮምጣጣው» እንዳለችው ነው የኖረችው። እሱ ልጅ ሆኖ ሎሚ ይዞ እየመጣ «ምንድን ነው በይው እስቲ» እያለ ያስቸግራት ነበር። ይህን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ነገር የሚያውቅ ሰው፣ አንዲት የዳምቦያ ሴት የአማቷን ስም እንዳትነካ አፏን በነጠላ ስትሸፍን እያየ አገርሽ ስም የለውም ወይ ብሎ ጮኸባት።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ቃሲም። «ሐሙስ፣ ሐሙስ ይላሉ። ባላቸው አልጋ ላይ ናቸው።»

«በሞተርህ መጥተህ ውሰደኝ» አለ ዘርአብሩክ።

ጃጁራ ሲደርሱ ቃሲም ከገበያው ጀርባ ካለ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ አወረደው። ሚስራ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ናት አሮጊቷን ያስጠጋቻቸው። ዘርአብሩክ ሊገባ ሲል ሚስራ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ከሆሳዕና ነው የመጡት፤ ቤት ልጆች አሉ።»

ስለዚህ አሮጊቷ፣ እማማ ከድጃ፣ ወደ ደጅ ወጡ። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ነህ የጮህክብኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትናንት አንቺ ብለኸኝ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«ዛሬ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝ ሆነ» አሉ ወደ ሚስራ ዞረው። «ጃጁራ ድረስ መምጣቴ ማዕረግ ጨመረልኝ።»

ሚስራ ሳቀች። ዘርአብሩክ መሳቅ አልቻለም። እማማ ከድጃ ነገሩን ቁጭ ብለው አስረዱት። ባላቸው ኢብራሂም ከሦስት ዓመት በፊት ጣሪያ ሲከድኑ ወድቀው ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እማማ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሆሳዕና ሲመጡ ጎረቤታቸው ገነቴ ሽማግሌውን ለመጠበቅ ቃል ገብታ ነበር፤ ግን እስከ ሐሙስ ንጋት ብቻ ነው። የገነቴ ልጅ ልትወልድ ነው፤ ቤቷም ከወንዝ ማዶ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ገነቴ ትሄዳለች።

«ውኃ እንኳ ካላቀበሉት አይጠጣም» አሉ እማማ ከድጃ። «ገነቴ የምትወጣው እኔ እንደምደርስ አምና ነው። ትናንት እደርሳለሁ ብያት ነበር።»

ዘርአብሩክ በነገሩት የባላቸው ስልክ ቁጥር ደወለ። መጀመሪያ በዚያ ሰሞን ከጥሪ ሁሉ በፊት የሚመጣው የሴት ድምፅ ተሰማ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ አለችው። እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ሌላ ሴት መጥታ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም አለች። ሦስቴ ደወለ፤ ሦስቴም ሁለቱ ሴቶች ተራ በተራ መለሱለት። ቤቱ መብራት የለውም፤ የስልኩ ባትሪ የሚሞላው ገበያ ሲወጣ ነው።

«ሐሙስ ከመምሸቱ በፊት አደርስዎታለሁ» አለ።

«በምን?» አለች ሚስራ።

አላወቀም። ሰው የሚጭን መኪና ሁሉ ቆሟል፤ የቃሲም ሞተርም ዓይናቸውን ገና ለታከሙ አሮጊት አይሆንም። ሃያ አንድ ዓመት ሰው በምን እንደሚሄድ ሲወስን የኖረ ሰው፣ ሁለት ሰው ከጃጁራ ዳምቦያ በምን እንደሚያደርስ አላወቀም። በመጨረሻ መላውን ያመጣችው ሚስራ ናት። ጭነት አልተከለከለም፤ በማግስቱ ድንች ጭኖ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ አይሱዙ አለ። ዘርአብሩክ ያን ሌሊት በሚስራ መጋዘን በበርበሬ ጆንያ ላይ አደረ። ሲያስነጥስ አነጋው። ጆንያው ጎኑን ሲወጋው፣ በየቀኑ ጠዋት እየጎረበጠኝ ነው እያለ የሚረግመው የጥጥ ፍራሹ ትዝ አለው።

ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ከድጃ ጋቢና፣ እሱ ድንቹ ላይ ሆኖ ተነሡ። ማስመለስ እስኪጀምረው ድረስ ሸራውን ጨብጦ ጠበቀ። አልጀመረውም። ንፋሱ ፊቱን ይመታዋል፤ ከታች ያለው ሸለቆ በጉም ተሞልቷል፤ ከጉሙ በላይ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። መኪናው ኩርባውን ሲዞር ጉሙ ተከፈተና የእንሰት እርሻ፣ ግድግዳቸው በነጭና በቀይ አፈር የተቀባ ክብ ቤቶች፣ አንዲት ሣር የተሸከመች ሴት፣ ከኋላዋም የሣሩን ጫፍ እየነጨ የሚከተላት በግ ታዩ። ሴትዮዋ በጉን አላየችውም። ዘርአብሩክ ድንቹ ላይ ብቻውን ሳቀ።

ወዲያው አፈረ። እሱ ነው ያሳሳታቸው፤ ከሥሩ እኒያ ሴትዮ ሐሙስን እያሰቡ ተቀምጠዋል። እንደዚያም ሆኖ ደስታው አልለቅ አለው። ጃጁራ የምትለዋን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ጽፏታል፤ በዚህች ቃል ውስጥ በግ የሚከተላት ሴት እንዳለች ማንም አልነገረውም።

ሆሳዕና ላይ ማዳበሪያ ወደ አንጋጫ የሚያደርስ ሌላ አይሱዙ አገኙ፤ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። የዘርአብሩክ ቤት ከዚያ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጫማው በስብሷል። ቤቱ ውስጥ ደረቅ ካልሲ፣ ሻይ የሚያፈላበት ምድጃ፣ እጁን ዘርግቶ የሚቀዳበት ሙሉ ጀሪካን ውኃ አለ። ከጭነቱ ላይ ሆኖ የቤቱን ጣሪያ ከሌሎቹ ጣሪያዎች መሐል ፈለገ። አሥራ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቤት ከላይ ሆኖ መለየት አልቻለም።

ጭቃው ሲያዘገያቸው ውሎ፣ ማምሻውን አንጋጫ ሊገቡ ሲሉ ገመድ ተዘርግቶ አገኙ። ከገመዱ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ቁራሽ ሳሙና ተቀምጧል። አበራ የሚባል ሚሊሻ የሙቀት መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ደቅኖ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ትኩሳት የላችሁም። ግን ጭነት መኪና ሰው አይጭንም። ትመለሳላችሁ።»

ዘርአብሩክ ነገሩን አስረዳ። አበራ በትዕግሥት ሰማው።

«ወንድሜ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ የታመመ ዘመድ አለው። ከጠዋት ጀምሮ አራት አባት፣ ሦስት እናት አልፈውብኛል። እሳቸው ይናገሩ። እማማ፣ አገርዎን ማን ይሉታል?»

እማማ ከድጃ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«እሱ ይበልልህ» አሉ ወደ ዘርአብሩክ እያመለከቱ። «እሱ ምራት አይደለም።»

አበራ መለኪያውን ዝቅ አደረገ።

«የባልዎ አባት ማን ነበሩ?»

«ይኼንንማ ጭራሽ አልልህም።»

ሚሊሻው እስኪያስለው ሳቀ፤ በዚያ ወር ማሳል ደግ ስላልነበረ ሹፌሩ የጋቢናውን መስኮት ዘጋ። አበራ ዓይኑን ጠረገ። «እንደ እናቴ ናቸው በቃ» አለ። «ስሙን ቢጠሩልኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር።» ከዚያ ወደ ዘርአብሩክ ዞረ። «መኪናው ሰው ይዞ አያልፍም፤ ትእዛዝ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ገመድ አልዘረጋሁም።»

እጃቸውን ታጥበው በገመዱ ሥር አለፉ። አንጋጫ ብርዷ ይታወቃል፤ ያን ቀን ደግሞ ሱቆቿ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ለእንግዳ የሚከፈት በር ስላልነበረ አንድ የተዘጋ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ በሁለት አግዳሚ ወንበር አደሩ። ዘርአብሩክ ጃኬቱን ለእሳቸው ሰጥቶ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሐኪሙ አንገትዎን አይድፉ ስላላቸው እማማ ከድጃ ግድግዳውን ተደግፈው አነጉ። ማታ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ጠብቆ፣ ፋሻውን ገልጦ ጠብታቸውን ያደረገላቸው እሱ ነው። የሰው ዓይን በጣቱ ከፍቶ አያውቅም ነበር። ሽፋሽፍታቸው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ከእናቱ ሞት ወዲህ ሰው እንዲህ ቀርቦ ነክቶ እንደማያውቅ ተሰማው።

ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ገነቴ በሯን ዘግታ በምትወጣበት ሰዓት፣ እነሱ ገና አንጋጫ ነበሩ። አንድ ገበሬ ነገራቸውን ሰምቶ ፈረሱን ሰጣቸው፤ ዳምቦያ ላለው ወንድሙ ሊልከው ነበር፣ እናንተ አድርሱልኝ አለ። እማማ ከድጃ ተቀመጡበት፤ ዘርአብሩክ ልጓሙን ይዞ ከፊት ቀደመ። የእግር መንገዱ በአምበሪቾ ተራራ ግርጌ ይዞራል። ተራራው በቀኛቸው ቆሞ አብሯቸው የሚሄድ ይመስል ነበር።

ብዙ አላወሩም። ሰዓቱ ያስጨንቃቸው ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ፣ «አሁን ጠምቶታል» አሉ እማማ ከድጃ። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና፣ «አሁን መጣራት ትቷል» አሉ። ዘርአብሩክ እርምጃውን ጨመረ። የቀኝ ጫማው ከንፈር ተከፍቶ ጭቃ ይውጣል። ከምንጭ ውኃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ መጠጣቱ ራሱ አሳፈረው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ ከፈረሱ ላይ፣ ለእሱም ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። «ነጋዴ ነበር። ቅቤና ቆዳ በበቅሎ ጭኖ ሻሸመኔ ድረስ ይሄዳል። ወር ጠፍቶ ይመጣና ወር ሙሉ ያወራልኛል። አሁን ግድግዳ ያያል።»

ዳምቦያ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ፈረሱን ገበያው ዳር ለባለቤቱ ወንድም አስረክበው ወደ ቤቱ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያዙ። እማማ ከድጃ በዚያ በደበዘዘ አንድ ዓይናቸው ከእሱ ፈጥነው ሄዱ። በሩ ተዘግቷል። ከውጭ ያለውን መቀርቀሪያ ሳቡት። ውስጡ ጨለማ ነው።

«አለህ?» አሉ።

አልጋው ባዶ ነበር።

«ከታች» አለ አንድ የደረቀ ድምፅ። «አትርገጪኝ።»

ሽማግሌው በአልጋውና በግድግዳው መሐል ወድቀዋል። ገነቴ ውኃ በጆግ ከራስጌያቸው አስቀምጣላቸው ነበር፤ ለማንሣት ሲሞክሩ ጆጉ ተገፍቶ ወደቀ፤ እሳቸውም ተከተሉት። ጆጉ ከእጃቸው አንድ ክንድ ርቆ ባዶውን ተጋድሟል። ዘርአብሩክ ብብታቸው ሥር ገብቶ አነሣቸው። ቀላል ነበሩ። አልጋው ላይ ደግፎ ያዛቸውና እማማ ከድጃ ከእንስራ ቀድተው ያመጡትን ኩባያ አፋቸው ላይ አደረገ። ሦስት ኩባያ ጠጡ። ውኃው ከአፋቸው ወደ ጢማቸው፣ ከጢማቸው ወደ ዘርአብሩክ እጅ ወረደ። ውኃ የሚውጥ ጉሮሮ እንዲህ እንደሚጮህ ዘርአብሩክ አያውቅም ነበር።

ከሦስተኛው ኩባያ በኋላ ኢብራሂም ሚስታቸውን አዩ።

«ዓይንሽ ተሠርቶ መንገድ ጠፋሽ?»

«አልጠፋሁም። የምሄድበትን ጠየቁኝ፣ አልተናገርኩም።»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። «አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው» አሉ። «ዛሬም ሰው ያስቸግራል።»

እማማ ከድጃ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ሄደ። ፋሻው እንዳይረጥብ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ። ዘርአብሩክ ቆሞ ቀረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ። ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። ጮኼባቸው ነበር፤ ያለቦታቸውም የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

ኢብራሂም አየት አደረጉት፤ የተቀደደውን ጫማውን፣ ጭቃ የጠጣ ሱሪውን፣ የቆሰለ ተረከዙን።

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስጮህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ከጓሮ የእንጨት መሰበር ተሰማ፤ እማማ ከድጃ እሳት ሊያያይዙ ነው።

«በየት መጣችሁ?»

«ከጃጁራ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣን። ሆሳዕና ሦስት ሰዓት ገባን። ከዚያ—»

«ሰዓቱን ተወው። ምን አየህ?»

ዘርአብሩክ ግራ ተጋባ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከዚያ በጉን ተናገረ፤ ሣር የተሸከመችውን ሴት፣ በጉ ሸክሟን ከኋላ እየበላባት እንደምትሄድ። ኢብራሂም ፈገግ አሉ። እሱ ቀጠለ። ጉሙ እንዴት እንደተከፈተ፣ ከአንጋጫ በኋላ የሚወርደው ውኃ ድንጋዩን እንዴት እንዳጠበው፣ አምበሪቾ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ቀትር ላይ እንዴት ሰማያዊ እንደሚሆን። ሽማግሌው ያቋርጡታል። ከድልድዩ ማዶ ትልቅ ዋርካ አለ፣ አየኸው? ተቆርጧል ይላቸዋል ዘርአብሩክ፤ ጉቶው ላይ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ያርፉበታል። ኢብራሂም ለዋርካው ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥል አሉት። ዘርአብሩክ እየተናገረ ሳለ፣ መንገዱን ሲሄድ በጭንቀት ያለፈው ሁሉ ሳያውቀው ውስጡ ተቀምጦ እንደነበር አየ። ሃያ አንድ ዓመት ስሞቹን ብቻ ነበረው። አሁን አንድ መንገድ የራሱ ሆነ።

እማማ ከድጃ ትኩስ ቆጮና ጎመን አቀረቡ። ይጾም እንደሆነ ጠይቀው ቅቤውን ትተውለታል። ከሁለት ቀን በኋላ የበላው የመጀመሪያ ትኩስ ምግብ ነበር። እግሩን በሙቅ ውኃ ታጠበ። ሆሳዕና ሳለ ሙቅ ውኃ ማለት ምድጃ ላይ ተጥዶ የሚረሳ ነገር ነበር፤ እዚህ ከእግሩ ጣቶች ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ሲወጣ እያንዳንዱን ቦታ ለይቶ ተሰማው።

«ነገ በአንጋጫ ነው የምትመለሰው?» አሉ ኢብራሂም።

«አዎ።»

«በዱራሜ ዙር።»

«ይረዝማል። በእግር ነው፤ ሁለት ቀን ሊፈጅብኝ ይችላል።»

«የሚጠብቅህ ሰው አለ?»

«የለም» አለ ዘርአብሩክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ ሳይጨምርበት ነው ይህን የተናገረው።

«እኔ በዱራሜ በኩል ካለፍኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ገበያውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል ይላሉ። አላምንም። አይተህ፣ መንገዱ ሲከፈት መጥተህ ንገረኝ።»

«መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም።»

«እኔ አልቸኩልም።»

አርብ ጠዋት እማማ ከድጃ ጫማውን በቃጫ አሰሩለት። እስከ ገበያው ድረስ ሸኙት፤ ፊቱን ለይተው ማየት የፈለጉ ይመስል በፋሻ ያልታሰረውን ዓይናቸውን አጥብበው ጥቂት አዩት። ማቀፍ የተከለከለበት ወር ነበርና ክርናቸውን ብቻ አስነክተውት ተመለሱ።

ዘርአብሩክ ብቻውን ቀረ። ግራው መንገድ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። በዱራሜ በኩል የሚዞረውን ቀኙን ያዘ። ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ከየበሩ ጀርባ ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ብቸኝነቱ ከሆሳዕናው አላነሰም፤ እንዲያውም እዚህ ስሙን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ዓይኑ ሥራ ይዟል። የጓሮውን አጥር፣ ያልታረመውን ድንች፣ በአንድ እግሯ ቆማ የምታንቀላፋውን ዶሮ ሁሉ ለመንገር እየለቀመ ይሄድ ነበር።

ከአንድ ዳገት አናት ሲደርስ፣ አንድ ሰው ሙሉ የእንጨት በር በጀርባው ተሸክሞ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ አየ። በሩ ከነመቀርቀሪያው ነው፤ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ይታያል። ዘርአብሩክ ጥቂት እርምጃ ሄደና ቆመ። ኢብራሂም የማን በር ነው፣ ከየት ተነቅሎ የት ሊገጠም ነው ብለው እንደሚጠይቁት አወቀ። ሳያውቅ ማለፍ አልቻለም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ማስኩን አስተካክሎ፣ ሰውዬው ዳገቱን እስኪጨርስ ጠበቀው።